የግራ ትከሻ

ስልሳ ዓመት የሞላው ሁሉ ልብ የሚያስመታው መሣሪያ፣ ፔስሜከር፣ ይተከልለት ከተባለ ወዲህ በሰፈራችን የትከሻ ሰላምታ ቀርቷል። መሣሪያው በግራ ትከሻ ሥር አንዴ ከገባ ልብ በራሱ መምታት ይረሳል፤ ትከሻ ከተገጨ ደግሞ ወደ ልብ የሚወርደው ሽቦ ይነቀላል። ስለዚህ በየሰዉ ኮት ግራ ትከሻ ላይ «አትንኩኝ» የሚል ቀይ ጨርቅ ይሰፋል። የባለቤቴን የዘውገን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

የእሱ ሽቦ ሁለቴ ከልቡ ተነቅሎ ሁለቴ ከሞት አፍ ተመልሷል። ሦስተኛውን ስትተክል ሐኪሟ፣ «ከእንግዲህ የሚያያዝበት ቦታ የለም፤ አደራ!» አለችኝ።

ዘውገ ግን፣ «ካንቺና ከሐኪሟ በቀር የሚነካኝ ሰው ጠፋ» እያለ ያማርራል።

«ታዲያ በሕይወት አለህ አይደል!» እለዋለሁ።

ትናንት አብሮ አደጉ ሻረው መሣሪያው ገና ካልደረሰበት ገጠር ሊጠይቀው መጣ። ዘውገ ኮቱን ደርቦ ተነሣ። «ኧረ ተው!» ብዬ ሳልደርስ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከልቡ ጋር ብልጭ ድርግም የምትለው የግድግዳ መብራት ጠፋች።

«ምልክት እኮ አላየሁም፣ እመቤቴ!» አለ ሻረው።

ዛሬ ከቀብር መልስ ኮቱን አነሣሁ። የእኔ ስፌት በራሱ አይፈታም። ክሩን አንድ በአንድ በመቀስ ቆርጦ፣ ቀዩን ጨርቅ አጥፎ ኪሱ ውስጥ አስቀምጦታል።