የአስካለ ጉርሻ

ባለቤቴን አስካለን የመርሳት በሽታ ከያዛት ወዲህ ብቻዬን ልጠብቃት ስላልቻልኩ የአረጋውያን መጦሪያ አስገባኋት። እሑድ እሑድ ዶሮ ወጥ አሠርቼ እሄዳለሁ። እሷ ግን ጠቅልላ የምታጎርሰው አጠገቧ የሚቀመጠውን አቶ ወርዶፋን ነው። እኔን «እንግዳው፣ እርስዎም ይቅመሱ እንጂ» ትለኛለች።

እንግዳው! በገዛ ዶሮዬ!

ሰውዬው ጥርስ የለው፣ ጨዋታ የለው፤ አፉን ከፍቶ መጠበቅ ብቻ ነው። ዛሬ ትልቁን ብልት ፈልፍላ ስታጎርሰው አንጀቴ አረረና እጇን ያዝኳት።

«እኔ የሌለኝ እሱ ምን አለው?»

ደንግጣ እጇን መነጨቀች። «ኧረ በስመ አብ! ይልቀቁኝ! ባሌ ቀናተኛ ነው፤ ይኸው እያየን እኮ ነው» አለችና የወርዶፋን ኮት በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችለት።

ኮቱን ልብ ብዬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቡናማ ነው። የመሐለኛው ቁልፍ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ጥቁር ክር አልቆባት አስካለ ራሷ የሰፋችው ነው፤ «ሰው ምን ይለኛል» ብዬ ተቆጥቻት ነበር። እሷን ያስገባሁ ዕለት አሮጌ ልብሶቼን ሰብስቤ «ለአረጋውያኑ ይሁን» ብዬ ሰጥቻለሁ።

ተነሳሁ። አዲሱን የሱፍ ኮቴን አወለቅኩና ወደ አቶ ወርዶፋ ጎንበስ አልኩ።

«ጌታዬ፣ እባክዎ እንለዋወጥ» ብዬ ለመንኳቸው።