አረንጓዴ ጥለት

ጓድ አዘዘ ብርሌውን ወደ መስኮቱ ያነሳል። ከመስኮቱ ማዶ ጣና ደፍርሶ ይታያል፤ ጠጁም እንደዚያው ነው። አንድ ጊዜ ይጎነጫል፤ ፊቱ ይኮማተራል።

«ሆምጣጤ» ይላል። «የሕዝብ ንብረት ሆምጣጤ ሆነ።»

የጠጅ ሠሪዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር ነው። ከጎኑ ለማኅበሩ ማር የሚገዛው አካሉ ተቀምጧል። እኔና እናትዓለም ቆመናል፤ የተበላሸው ጋን በመካከላችን ነው። ከጥጉ ሌላ ጋን አለ፤ እሱ ገና አልደረሰም። ሁለቱም ጋኖች የእናቴ ነበሩ። ማኅበሩ ሲቋቋም ከነክዳናቸው አስገባኋቸው። ጠጁን የምጥለው እኔ እስከሆንሁ ድረስ ጋኑ የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

«እሺ የብርጓል፣ ምን ሆኖ ነው?»

«ማሩ ነው» እላለሁ። «ውሃ ገብቶበታል። ደህና ማር ከጣት ላይ ሳይበጠስ እንደ ክር ይወርዳል። ይኼኛው ጠብ ጠብ ይል ነበር። ገና ሲመጣ አይተነዋል።»

አካሉ ይስቃል። «ሌላ ጊዜ ከነንቡ አመጣላችኋለሁ፤ እናንተው ታልቡታላችሁ።»

«አይተነዋል ስትይ፣ አንቺና ማን?» ይላል ጓድ አዘዘ።

«እኔና እናትዓለም።»

ወደ እሷ አልዞርም። ያን ዕለት ጣቷን ከማሩ ጣሳ ነክራ «እትየ፣ ይኼስ ያለቅሳል» ብላ ያሳቀችኝ እሷ ናት። ባሏ ሚሊሻ ሆኖ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ጠጅ መጣል ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ጌሾው መቼ እንደሚወጣ፣ ጋኑ በወይራ እንዴት እንደሚታጠን፣ ጠጁ በግራ መዳፍ ላይ ጠብ ተደርጎ እንዴት እንደሚቀመስ።

እናትዓለም የጋኑን ክዳን ታስተካክላለች።

«ማሩን ተዉት» ይላል አካሉ። አሁን አይስቅም። «እኔም ያየሁት አለ። ይህ ጋን በተጣለበት ሳምንት እጓሮ አጥሩ ላይ ጨርቅ ታጥቦ ተሰጥቶ ነበር። የሴት ጨርቅ። አረንጓዴ ጥለት ያለው።»

ከሹም አቦ ሰፈር እስከ ዓባይ ማዶ ይህን የማያውቅ የለም፤ በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ወደ ጋን አትጠጋም፣ ከተጠጋች ጠጁ ይበላሻል ይባላል። ስለዚህ በየወሩ እነዚያን ቀናት ቤታችን እንውላለን። ማኅበሩ ደግሞ ላልተሠራ ቀን አይከፍልም።

ያን ሳምንት እናትዓለም ሆዷን ይዛ መጣች። ልመለስ አለችኝ። «ባዶ እጅሽን ምን ይዘሽ ወደ ልጆችሽ ትገቢያለሽ?» አልኋት። «ዝም ብለሽ ሥሪ። ጋን ምን ዓይን አለው?» የምትለውጠው ጨርቅ ስላልነበራት ከነጠላዬ ጫፍ ከነጥለቱ ቀድጄ ሰጠኋት።

ጓድ አዘዘ ጫማውን ያያል። ባለፈው ወር በመሠረተ ትምህርት ጣቢያው፣ ይህ ኋላ ቀር እምነት ነው ብሎ ያስተማረን እሱ ነው። ሰሌዳው ላይ ጽፎ በዜማ አስደግሞናል።

«እኔ በዚህ አላምንም» ይላል። «ጠጪው ግን ያምናል። ይኼ ወሬ ከወጣ ማን ይገባልናል? ጨርቁ ከሁለታችሁ የማናችሁ ነው?»

አሁን ትናገራለች፣ እላለሁ በልቤ። የእኔ ነው እንድትል አልጠብቅም። ማሩ ነው፣ እኔም አይቻለሁ፣ ብትል ይበቃኛል።

«የእሳቸው ነው» ትላለች እናትዓለም።

ይህች ልጅ አንቱ ብላኝ አታውቅም።

«የእኔ አይደለም» እላለሁ።

«እስቲ ነጠላሽን» ይላል አካሉ።

የለበስሁት እሱኑ ነው። የተቀደደውን ጫፍ ራሴ ዘምዝሜዋለሁ፤ ደህና አድርጌ ዘምዝሜዋለሁ፣ ግን በዚያ በኩል አረንጓዴው ጥለት የለውም። ሁለቱ ወንዶች ያያሉ። እናትዓለምም ታያለች፣ ዛሬ ገና እንዳየችው ሁሉ።

አፌን እከፍታለሁ። የሚከተለው ይታየኛል። እሷ ትባረራለች፤ እኔም አውቄ አስጠግቻታለሁና እባረራለሁ። ስለ ማሩ የሚጠይቅ ግን አይኖርም።

«ነጠላው የእኔ ነው» እላለሁ።

«በቃ» ብሎ ጓድ አዘዘ ይነሳል። ቀለል ብሎታል። «የብርጓል ከዛሬ ጀምሮ ብርሌ ታጥባለች። ጋኖቹን እናትዓለም ትረከባለች።»

«ጋኖቹ የእናቴ ናቸው።»

«የማኅበሩ ናቸው» ይለኛል ዝግ ብሎ፣ በሽተኛ እንደሚያባብል ሰው።

አካሉ በሩ ላይ ቆም ይላል። «ነገ ማር ይመጣል፣ እናትዓለም።»

«እሺ፣ ጓድ።»

ወጥተው ይሄዳሉ። እኔ ከማጠቢያው ገንዳ አጠገብ እቀመጣለሁ። የብርሌ አንገት ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባበትም፤ የሐይቅ አሸዋና ውሃ ጨምሬ አንቀጫቅጨዋለሁ። አንዱን እጨርሳለሁ፣ ሌላውን አነሳለሁ።

እናትዓለም ወደ ጥጉ ትሄዳለች። ያልደረሰው ጋን ሥር ትንበረከካለች፤ ክዳኑን ታነሳለች፣ በጭልፋ ትቀዳለች፣ በግራ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ትንሽ ታስባለች።

ከዚያ መዳፏን እንደዘረጋች ቀና ብላ ታየኛለች፤ እንደ ሁልጊዜው፣ ደርሷል ወይስ ይቆይ እስክላት።