ኤሲውን አትንካው

አበባው ለሦስተኛ ጊዜ እጁን ዘርግቶ ኤሲውን አጠፋው።

"ኧረ ጋሼ! አትንካው አልኩህ እኮ!" አለች ማርያማዊት መሪውን ጨብጣ።

"በሐምሌ ጉም ኤሲ የሚከፍት ሰው አይቼ አላውቅም። እምዬን በብርድ ልትገድያት ነው?"

"መስታወቱን የሚያደርቀው እሱ ነው። ሙቀቱንም አብሬ ከፍቼዋለሁ።"

"የበረዶ ሥዕል እየበራ ሙቀት ትይኛለሽ! ዐይን የለኝም?"

ማርያማዊት ጥርሷን ነከሰች። መኪናዋ የራሷ ናት። አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት እየሠራች አጠራቅማ የገዛቻት፣ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ ሃይብሪድ። ሁለት ክረምት ነድታታለች። ታላቅ ወንድሟ ግን አሥር ዓመት አይሱዙ የነዳ፣ ከይጁቤ እስከ ማርቆስ ያለውን ኮረኮንች ጉድጓድ በጉድጓድ የሚያውቅ ሰው ነውና፣ ከዚያ ወዲያ የሚማረው ነገር ያለ አይመስለውም።

እናታቸው ወለተ ሐዋርያት ከኋላ ተቀምጣለች። ከመንደሯ እስከ ይጁቤ በዝናብ በእግሯ ስለመጣች ጋቢዋ ውሃ ጠጥቷል። የእሱ እንፋሎትና የሦስት ሰው ትንፋሽ ተደማምረው መስታወቱን በሙሉ ሸፍነውታል። ማርያማዊት መስኮት ዝቅ ስታደርግ አበባው "ንፋስ!" ይላል። ኤሲ ስትከፍት ያጠፋል። ከዚያ በጋቢው ጫፍ የፊት መስታወቱን ይፈገፍግና ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ወደ ኋላ ይደገፋል። መስታወቱ ለአፍታ ዝንጉርጉር ይልና ተመልሶ ነጭ ይሆናል።

ሰዓቱ ሁለት ከሃያ ሆኗል። ሦስት ሰዓት ላይ ማርቆስ ፍርድ ቤት መገኘት አለባቸው። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ አጎታቸው ፈንታ የእናታቸውን ሦስት ጥማድ መሬት ሲያርስ አራተኛ ዓመቱ ነው። በወረዳ ፍርድ ቤት ተረትታ ያቀረበችው ይግባኝ ሁለት ጊዜ ተቀጥሮ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ "ብርድ ነው እምዬ፣ አንቺ እሳት ዳር ቁጭ በይ፣ እኔ እቀርብልሻለሁ" ብሎ ያስቀራት ይኸው አበባው ነው። እሱም አልቀረበላትም፤ አንዴ ድንገት ጭነት አገኘ፤ አንዴ ጎማ ፈነዳበት። ዛሬ ባለጉዳይዋ ራሷ ካልቀረበች መዝገቡ ይዘጋል። ይህን ሁሉ አድርጎም ስለ ብርድ ያወራል! ደግሞ ምንም ሳያፍር!

ድንገት ከነጩ መስታወት ውስጥ ጥቁር ነገር ብቅ አለ። ማርያማዊት ፍሬኑን ረገጠችው። መኪናዋ ጭቃው ላይ ተንሸራታ ቆመች። እህል የተጫነች አህያ ከኮፈኑ አንድ ክንድ ርቃ ጆሮዋን አራገበች። የአህያዋ ባለቤት ኮፈኑን በዱላው አንዴ መታ፣ የሚላቸውን ብሎ አህያዋን ነድቶ አለፈ።

ሞተሩ ዝም አለ። ይህቺ መኪና ስትቆም ሞተሯን አጥፍታ በባትሪ ነው የምትጠብቀው።

"ይኸው ጠፋች!" አለ አበባው። "ሰው ልትፈጂ ነው። ውረጂ፣ እኔ እነዳለሁ።"

"አልጠፋችም።"

"ውረጂ አልኩሽ!"

በሩን በርግዶ ወጣና በዝናቡ ውስጥ በመኪናዋ ፊት ዞሮ ወደ እሷ መጣ። ማርያማዊት በንዴት መሪውን አጥብቃ ያዘች። መስታወቱን እሱ አስሸፍኖባት እሷ ሰው ልትፈጅ! በሩን ቆልፋ እዚያው ጭቃው ላይ ጥላው መሄድ አማራት።

የኋላው በር ሲከፈት ሰማች። እናቷ ወርዳ፣ የመሬት ደብተሯን የያዘውን ፌስታል ደረቷ ላይ እንዳጣበቀች፣ አበባው በለቀቀው ወንበር ላይ ገባችና በሩን ሳበችው።

"የትኛዋ ናት?" አለች።

"ምኗ እምዬ?"

"ያች ሲያጠፋት የነበረችው።"

ማርያማዊት አሳየቻት። እናቷ በጎበጠ ጣቷ የኤሲውን ቁልፍ ተጫነችው። የበረዶው ምልክት በራ፣ ንፋሱ ከመስታወቱ ሥር ጮኸ፣ ጠፋ የተባለውም ሞተር በራሱ ተነሳ። የበሩን እጀታ የያዘው አበባው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ማርያማዊት መስኮቷን ዝቅ አደረገችለት።

"እምዬ፣ ብርድ ይመታሻል ብዬ እኮ ነው" አለ፣ ዝናቡ ከፊቱ ላይ እየወረደ።

"ፈንታ መሬቴን ሲያርስ አልበረደህም" አለች እናቱ። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። "እኔን እሳት ዳር አስቀምጠህ መዝገቤን ልታስዘጋው ምን ቀረህ? ከእንግዲህ ብርዴን ለእኔ ተውልኝ። በል ከኋላ ግባ፣ ረፍዷል።"

አበባው ገባ። እናቱ ተቀምጣበት የረጠበው ቦታ ላይ ተቀመጠ።

መስታወቱ ከሥር መጥራት ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ስንዝር ያህል፣ ከዚያ መንገዱ፣ ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ያለው የባሕር ዛፍ አጥር። ማርያማዊት መኪናዋን አንቀሳቀሰች። ሞተሩ ገና በደንብ ስላልሞቀ ንፋሱ ቀዝቃዛ ነው። የእናቷ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ይሰማታል፤ ከእርጥቡ ጋቢ ውስጥ ትከሻዎቿ ይንቀጠቀጣሉ።

"እምዬ፣ ትንሽ ልቀንሰው" አለችና እጇን ወደ ቁልፏ ዘረጋች።

እናቷ እጇን መታ አድርጋ መለሰችው።

"አንቺም?" አለች።

ማርያማዊት እጇን ወደ መሪው መለሰች። ፊቷ ጋለ። ወደ ማርቆስ ነዳች። እናቷ ፌስታሉን በአንድ እጇ አቅፋ፣ በሌላኛው መዳፏ ቁልፏን እንደከደነች፣ እየተንቀጠቀጠች መንገዱን ታያለች።