በነጠላ የተቋጠረ ቡና

ደጅይጥኑ ሰቆጣ ገበያ የደረሰው ጥርሱን እንደነከሰ ነው። በመዳፉ ሦስት ፍሬ ጥሬ ቡና ጨብጧል። ትናንት ከሚስቱ ከጥሩሐረግ ነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ያገኘው ነው።

የእሱ ቤት ቡና ጅማ ነው፤ ገዝቶ የሚያመጣውም ራሱ ነው። ይህ ግን ረዘም፣ ቢጫ ያለ ፍሬ ነው። «ከየት መጣ?» ቢላት ዝም አለች። አሥራ ሁለት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ዝም አለች! «እንግዲያው እስክመለስ ጨርቅሽን ጠቅልለሽ ጠብቂኝ፤ የማን እንደሆነ ካወቅሁ ወደ አባትሽ ቤት ነሽ» ብሏት ወጣ።

የማን እንደሆነማ ልቡ ያውቀዋል። ደርግ ሲወድቅ ከሠራዊቱ ተበትኖ የመጣው፣ ከወንዙ ማዶ የሚኖረው የዚያ ደረሰ የሚባል ሰው ነው። ደጅይጥኑ ወንዙን ከተሻገረ አራት ዓመቱ። እዚያው ማዶ የምትኖረው እናቱ መሬቷን በእኩል እንዲያርስ ለደረሰ የሰጠች ጊዜ፣ «እኔም የቤቴም ሰው ደጅሽን አንረግጥም» ብሎ ምሏል። ጥሩሐረግ ግን እንጨት ለቀማ እያለች በየሳምንቱ ትሻገራለች። መሬቱ አልበቃ ብሎት ሚስቱን!

የቡና ተራው ደግሞ አበገነው። የነቀምት፣ የሲዳሞ፣ የሊሙ፣ የይርጋጨፌ፤ የታጠበ፣ ያልታጠበ፤ ገለባው እንኳ ለብቻው ተከምሯል። ዱሮ ቡና ከተገኘ ቡና ነበር፤ ስሙን የሚጠይቅ አልነበረም።

«የቱን ልስፈርልህ?» አለው አንዱ።

«ጤፍ እንኳ ነጭና ቀይ ብቻ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ይህን ሁሉ ስም ያወጣችሁት ሰው ለማደናገር ነው!»

ሰዉ ሳቀበት። ፍሬዎቹን ከየክምሩ ጋር እያስጠጋ አስተያየ፤ አንዱም አልገጠመ። አንዷን ነክሶ አሸተታት። ከልጅነቱ የሚያውቀው ሽታ መሰለው፤ ከየት እንደሆነ ግን አልመጣለትም። ይህም አናደደው።

ተራው መጨረሻ ላይ የተቀመጠችው ነጋዴ፣ ባንቺ፣ ፍሬውን ገና ስታየው አወቀችው።

«ይሄማ ሐረር ነው።»

ደረሰ የዘመተው ሐረር አልነበረም እንዴ! ደጅይጥኑ ዱላውን አጥብቆ ያዘ።

«በእኛ በወንዙ በኩል ይህን ማን ይወስዳል?»

«ማንም። አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ቀይ፣ ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት።»

ጥሩሐረግ ናት።

«ለማን ነው የምትወስደው? የሰውየውን ስም ንገሪኝ!»

«የምን ሰውዬ? ለአማቷ ነው እንጂ፤ ለእማማ እታለም። ባላቸው በወታደርነታቸው ዘመን ከሐረር ያመጡላቸው ነበር አሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ብቻዬን ቡና አልጠጣም ቢሉ፣ እሷ እየሄደች እያፈላች ታጣጣቸዋለች።»

ባንቺ መስፈሪያ ስኒዋን ክምሩ ውስጥ ሰካችና ቀና አለች።

«አንድ ልጅም ነበራቸው፤ ሳይሞትባቸው አልቀረም።»