የጉብታው ሰባት ጎጆዎች

ማረው ጉብታው ላይ በወጣ ቁጥር የጋቢውን ጫፍ አፍንጫው ላይ ይጠመጥማል። የሸክላ ሠሪዎቹ ሰባት ጎጆዎች ያሉት እዚያ ነው። እበቱ፣ ጭሱ፣ እርጥቡ ጭቃ ያቅለሸልሸዋል። የእሱም ግድግዳ በእበት የተለሰነ ነው፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

ክረምት ገብቶ ፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ ሲተኛ ደረቅ የሚቀረው ያ ጉብታ ብቻ ነው። ማረው የሩዝ መጋዘን ሊሠራበት ከቋመጠ ቆይቷል። ዛሬ ደግሞ ሰውመሆን የሚባል የቅርስ ባለሙያ ከወረታ መጥቷል። መንደሩ ሃምሳ ዓመት ከሞላው በጥንታዊነት ይመዘገባል፣ ማንም አይነካውም። ካልሞላው ጎጆዎቹ ፈርሰው ቦታው ለማረው ይሰጣል።

«እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው» አለ ማረው። «ስወለድ እዚህ ሣር እንጂ ቤት አልነበረም። እነዚህ ትናንት የመጡ ናቸው።»

የሸክላ ሠሪዎቹ ታላቅ ደብሬ ለሁለቱም በቅል ውሃ አቀረበች። «አያቴም እዚሁ ነው የሠራች» አለች። ሰውመሆን ተቀብሎ ጠጣ። ማረው እንትፍ ብሎ ፊቱን አዞረ።

«ሰው በዓይናቸው የሚበሉ ሰዎች ቃል ምን ቃል ነው? እናቴን ጠይቃት።»

«እሳቸው ካሉ ይሁን» አለች ደብሬ። «እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?»

ማረው በልቡ ሳቀባት። እናቱ ወይዘሮ አገኘሁሽ ስለነዚህ ሰዎች አንድ ቀን አውርተው አያውቁም። እንስራ ሲሰበር እንኳ ሰው አይልኩም፤ ራሳቸው ወጥተው፣ እዚያው ውለው ይመለሳሉ። ሸክላ ሠሪዎቹ ደጃቸውን እንዳይረግጡ ብለው ነው ብሎ ያምናል።

አሮጊቷ በበቅሎ መጡ። ዓይናቸው ከፈዘዘ አራት ዓመት ሆኗል። ማንም ሳይመራቸው ወደ ደብሬ ጎጆ ሄዱ፤ ከዝቅተኛው ጉበን ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ገቡ።

«ሽታው ነው አንገት ያስደፋት» አለ ማረው በልቡ። እሱ ደጅ ቀረ፤ ያንን ደፍ መርገጥ አይሆንለትም።

ሰውመሆን ከአሮጊቷ አጠገብ ቁጢጥ አለ። «እማማ፣ ማረው ሲወለድ እዚህ ቤት ነበር?»

«ነበረ እንጂ ልጄ፤ ያን ክረምት ቤታችንን ውሃ ሲወስደው ምጥ ይዞኝ የገባሁት እዚህ ነው፤ የደብሬ እናት አዋልዳኝ፣ እትብቱን ከዚህ ምሰሶ ሥር ቀበረችው።»