ሦስተኛው ስዊች

ይህን ታሪክ ለመናገር አፍሬ ስድስት ዓመት አቆየሁት። አሁንም እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድርጌ ቶሎ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ዮፍታሔ ጅግጅጋ የተመደበ የፊዚክስ መምህር ነበር። የሚንቀው ነገር ብዙ ነው፤ የከተማውን አቧራ፣ የመምህራን ማረፊያውን ሻይ፣ ዲፕሎማ የሌላቸውን ሰዎች፣ ዲፕሎማ ብቻ ያላቸውን ሰዎች። ከሁሉም አብልጦ ግን ዕቃ ጠጋኞችን ይንቅ ነበር። "የኦምን ሕግ በስም እንኳ የማያውቅ ሰው ካቻቢቴ መያዝ የለበትም" ይላል።

ሚስቱ ፀጋ በዚያው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። ዝምተኛ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ኢስተሂል የምትባል ሴት ቤት እየሄደች ልጆቿን አማርኛ ታስጠናለች። ስትመለስ ነጠላዋ አንዳንዴ የጋለ ብረት ይሸታል። አንድ ቅዳሜ ጣቷ ተቃጥሎ መጣች።

"ምን ነክተሽ ነው?"

"የሻይ ማንቆርቆሪያ።"

"ሻይ ማፍላትም ትምህርት ይፈልጋል ለካ" አለ ዮፍታሔ። ነገሩን ግን አልረሳውም። ከዚያ ሽታ ጀርባ አንድ ወንድ ያለ መሰለው።

ከቶጎጫሌ ያመጡት ማይክሮዌቭ መጋቢት ላይ ተበላሸ። ዮፍታሔ ክዳኑን ፈቶ የተቃጠለውን ፊውዝ ቀየረ። አንድ ብርጭቆ ውኃ አሞቀና በሩን ሲከፍት ጧ! ፊውዙ ተቃጠለ። ሌላ ቀየረ። ጧ!

ፀጋ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። "ፊውዙ ምን አደረገ? በሩ ይሆናል እንጂ" አለች፣ ለራሷ የምታወራ ያህል ዝግ ብላ።

"በሩ?" ሳቀ። "በሩ ይኸው ይዘጋል፣ ይኸው ይከፈታል። አንቺ የመጻሕፍትሽን አቧራ አራግፊ።"

ሦስተኛ ፊውዝ ቀየረ። ጧ!

"ጠጋኝ ጋ ብንወስደውስ?"

ውርርድ የመጣው ያኔ ነው። ዮፍታሔ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። "ለእነዚያ ነካኪዎች? እስከ ቅዳሜ በገዛ እጄ እጠግነዋለሁ። ከጠገንኩት የቅዳሜ ዙረትሽ ያበቃል። ምን ሸተሽ እንደምትመጪ የማላውቅ መሰለሽ?"

"ካልጠገንከውስ?"

"ከእንግዲህ 'ቅዳሜ' የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም።"

ፀጋ ጣቷን አሻሸች። በዚያ ከተማ የእኔ የምትለው ቀን ቅዳሜ ብቻ ነበር።

"እሺ" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት እሷ እንደወጣች ዮፍታሔ ማይክሮዌቩን እንደ በሽተኛ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ባጃጅ ላይ ጫነው። የሚያውቁት ሰዎች ወደማይደርሱበት ሰፈር፣ ዐብዲናስር ሱቅ ሄደ። ዐብዲናስር ራሱ አንድም ብሎን አይፈታም፤ ዕቃውን ተቀብሎ ከመጋረጃ ጀርባ ላለ "ኢንጂነር" ያሳልፋል። ኢንጂነሩን በዓይኑ ያየ ደንበኛ የለም። ሃርጌሳ የተማረ ነው የሚሉ አሉ፤ ዱባይ የሚሉም አሉ።

"መዓሊን፣ ቁጭ በል። ኢንጂነራችን ዓይን አፋር ናቸው፤ ነገር በእኔ በኩል ነው" አለና፣ ለደንበኛ ሁሉ እንደሚለው በሶማሊኛ 'መምህር' ብሎት፣ ዕቃውን ይዞ ገባ።

ከመጋረጃው ጀርባ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

"የሕፃናት ማቆያ ነው ወይስ ሱቅ?" አለ ዮፍታሔ።

"የእህቴ ልጆች ናቸው፤ ቤቷ ከኋላ ነው።" ዐብዲናስር ብቅ ብሎ ነበር። "'ፊውዙ ስንት ጊዜ ተቀየረ?' ይላሉ።"

"ሦስት ጊዜ!" አለ ዮፍታሔ ጮክ ብሎ።

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ የብረት ዕቃ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ዐብዲናስር ገብቶ ተመለሰ። "'ማነው የቀየረው?' ይላሉ።"

"ሚስቴ ናት። የማታውቀውን መነካካት ትወዳለች። ምን ታደርጋታለህ? ጭንቅላቷ ገለባ ነው።"

ከመጋረጃው ጀርባ ብሎን በኃይል ሲፈታ ተሰማ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዐብዲናስር ዕቃውን ይዞ ወጣ። "'በሩ ውስጥ ሦስት ስዊች አለ። ሲከፈት ሁለቱ ቀድመው መላቀቅ አለባቸው። አንዱ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ሦስተኛው ደግሞ ለሰው ደኅንነት ሲል ፊውዙን ያቃጥላል። ፊውዝ እየቀያየሩ መጠበቅ ራስ ምታትን ኮፍያ በመቀየር ማከም ነው' ይላሉ። ለሚስትህ ንገራት፣ ዋላል፣ ወንድሜ።"

ፀጋ ያን ቀን ከእሱ ዘግይታ ገባች። ዮፍታሔ ሻይ በማይክሮዌቩ አሙቆ ጠበቃት።

"በገዛ እጄ!" አላት።

"ምኑ ነበር?"

"በሩ ውስጥ ሦስት ስዊች አለ…" ብሎ ጀመረና አንድ ቃል ሳያጎድል ነገራት፤ ኮፍያውም ሳይቀር።

ፀጋ አቀረቀረች። "እጅህ ይባረክ" አለች። "እንግዲህ ቅዳሜ አልወጣም።"

ሰኞ በመምህራን ማረፊያ ስለ ስዊቹ ያልሰማ አልነበረም። ማክሰኞ ርዕሰ መምህሩ አቶ ዐብዲሓኪም የራሳቸውን ማይክሮዌቭ አምጥተው ሰው ሁሉ ፊት አስረከቡት። "የክፍል ኃላፊ የማደርገው እንዲህ እጁ የሚሠራ ሰው ነው" አሉ። "እስከ ሰኞ ይደርሳል?"

"በአንድ እጄ" አለ ዮፍታሔ።

ቅዳሜ ፀጋ ቤት ተቀምጣ ሽንኩርት ትከትፋለች። ዮፍታሔ የርዕሰ መምህሩን ዕቃ ከትምህርት ቤት በባጃጅ ጭኖ ዐብዲናስር ሱቅ ደረሰ። ደጁ ላይ ሰባት ስምንት ዕቃ ተደርድሯል። መጋረጃው ተገልጧል፤ ከኋላው ባዶ ወንበር ይታያል።

"ኢንጂነሩ የት አሉ?" አለ ዮፍታሔ።

"ተወኝ እባክህ፣ መዓሊን" አለ ዐብዲናስር ምራቁን እየተፋ። "አንድ ጅል ባል አላት፤ ቅዳሜ ከቤት እንዳትወጣ ከልክሏታል።"