አንቴናው ወደ ቢላቴ ሲዞር

አንጁሎ የአንቴናውን ቧንቧ በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ቢላቴ ወንዝ በኩል አዞረውና ከቆርቆሮው ላይ ቁልቁል ጮኸ።

«አሁንስ?»

«ይንሿሿል እንጂ ምንም የለም!» አለች ሚስቱ ፋንታዬ ከሳሎን።

«ትንሽ ወደ ግራ፣ ጋሽ አንጁሎ!» ይህችኛዋ ሳዲያ ናት፤ ባሏ ታች መንገዱ ላይ ሱቅ ያለው የስልጤ ጎረቤታቸው። ጣጣውን ያመጣችው እሷ ናት። ከወንዙ ማዶ ያለው የሌላ ክልል ጣቢያ እሷ ቤት ጥርት ብሎ እንደሚገባ፣ እሁድ ከሰዓት የተጠፋፉ ዘመዶችን የሚያገናኝ ፕሮግራም እንዳለው፣ እያየች እንደምታለቅስ ለፋንታዬ አወራቻት። ፋንታዬም ሦስት ሳምንት ሙሉ ባሏን እረፍት ነሳችው። ዛሬ ከቸርች ሲመለሱ ኮቱን አውልቆ ጣራ ላይ ወጣ።

ቧንቧውን አንድ ጣት ያህል ገፋ አደረገው።

«መጣ! መጣ! እንዳትነካው!» ሁለቱም ባንድ ላይ ጮኹ።

ሊያስረው ሽቦውን ከኪሱ ሲያወጣ ቧንቧው ተንሸራተተና ምስሉ ጠፋ። መልሶ ያዘው፤ መጣ። ለቀቀው፤ ጠፋ።

«በቃ እንደዚያው ይዘህ ቁምልን» አለች ፋንታዬ እየሳቀች። እሱም ሳቀ። ለፋንታዬ ከዚህም በላይ ይቆማል።

አሥራ ስምንት ዓመት በትዳር ኖረዋል፤ ልጅ የላቸውም። እናቱ «ሌላ አግባ» ብለው ሽማግሌ የሰበሰቡ ዕለት «ችግሩ የእኔ ነው፤ ሐኪም ነግሮኛል» ብሎ አፋቸውን ያስያዘ እሱ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዶ አያውቅም። ፋንታዬ ግን ያን ቀን እግሩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ስሙን ስትጠራ ድምጿ ይለወጣል።

በተከፈተው መስኮት የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይወጣል። አንዲት ወጣት እየተናገረች ነው።

«አስካለች እባላለሁ፤ ሃያ ዓመቴ ነው። እናቴ የትምወርቅ አምና አረፈች። የአባቴን ስም የነገረችኝ ልትሞት ስትል ነው።»

የትምወርቅ። ስንት የትምወርቅ አለ፣ አለ አንጁሎ በልቡ።

«አዋሽ ዳር፣ ሸንኮራ እርሻ ውስጥ ነበር የሚኖሩት። እሱ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር። እኔን እንዳረገዘች ያውቃል። አገሬ ደርሼ ልምጣ ብሏት ሄደ፤ በዚያው ቀረ። የወላይታ ሶዶ ሰው ነው። አንጁሎ ቦልቴ ይባላል። የግራ እጁ አመልካች ጣት ጫፍ የላትም፤ ገጀራ ቆርጧታል።»

ቧንቧውን የጨበጠውን ግራ እጁን፣ ጫፍ የሌላትን ጣቱን አየ።

«ምንም አልጠይቀውም» አለች ልጅቷ። «መልኬ የእሱ እንደሆነ ማየት ነው የምፈልገው። የምሠራው ሻሸመኔ ነው። ስልኬ ዜሮ ዘጠኝ አሥራ ስድስት...»

የቁጥሩ መጨረሻ ላይ ስትደርስ፣ እሳት እንደነካው ሁሉ የአንጁሎ እጅ ሳያዘው ቧንቧውን አዞረ። የልጅቷ ድምፅ ተቆረጠ፤ ቤቱ ይንሿሿ ጀመር።

መጀመሪያ ሳዲያ ወጣች። ሻርፗን ፊቷ ላይ ጎትታ፣ ጫማዋን አጥልቃ ሳትጨርስ፣ ወደ ጣራው ቀና ሳትል በአጥሩ በር ሾልካ ሄደች። ቀጥሎ ፋንታዬ ወጣችና ግቢው መሀል ቆማ ሽቅብ አየችው። በአሥራ ስምንት ዓመት ይህን ፊት አይቶባት አያውቅም።

«መልሰው» አለች።

«ፋንታዬ፣ እኔ...»

«ሁለት ቁጥር ቀርቶኛል። መልሰው።»

ግራ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋለች።

ወደ ግራ ገፋው፤ ወደ ቀኝ ሳበው። የዘፈን ቁራጭ መጣና ሄደ። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። በመጨረሻ የሰው ድምፅ አገኘ፤ ወንድሙን የሚፈልግ አንድ ሽማግሌ ነው። አንጁሎ ቧንቧውን ደረቱ ላይ አጣብቆ ቆመ። ሽማግሌው ታሪኩን እስኪጨርስ ክንዱ ዛለ፤ አልለቀቀም። የፕሮግራሙ አቅራቢ የዛሬዎቹን ስልኮች ልድገም አለች። ፋንታዬ መስኮቱ ስር ሄዳ ጆሮዋን ሰጠች።

የአስካለች ተራ ደረሰ። «...አርባ ሰባት» አለች አቅራቢዋ። ፋንታዬ ጻፈች።

ያኔ ለቀቀው።

«ሐኪሙ ማን ነበር?» አለችው ፋንታዬ፣ ቀና ሳትል።

«ሐኪም የለም።»

«አንተ መውለድ እንደምትችል ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። የዋሸሁት አንቺን እንዳይሰዱብኝ ብዬ ነው።»

አንድ ሚኒባስ ወደ መናኸሪያው እየጮኸ አለፈ።

«አሥራ ስምንት ዓመት ለአንተ ጸለይኩ» አለች። ቀጥሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ችግሩ የእኔ ነበር ማለት ነው።»



«ውረድ» አለችው። መሰላሉ ሥር ሄዳ በቀኝ እጇ ደግፋ ያዘችለት። ግራ እጇን ግን ቁጥሩ በላብ እንዳይጠፋ ጣቶቿን ዘርግታ፣ ከሰውነቷ አርቃ ይዛዋለች።